ስለ ሲሪያል ግንኙነትና ስለ ሰዓቱ ጥንቃቄ፤ በኮሶዬ ደጋ ለሚተከል መሣሪያ

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ኮሶዬ ከምትባለው የገደል አፋፍ፣ ዝናቡንና ብርዱን ሌት ተቀን የሚመዘግብ መሣሪያ ለመትከል የሚያስብ የደባርቅም ሆነ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ መለኪያው ቢደላደል፣ ባትሪው ቢሞላ፣ ፕሮግራሙም ቢሰምር፣ ከማይክሮኮንትሮለሩ ወደ ሞደሙ የሚላከው ቃል ተዛብቶ ከደረሰ ድካሙ ሁሉ ከንቱ መሆኑን አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባዋል። ይህን ቃል የሚያደርሰው ሲሪያል ግንኙነት ነው፤ ቀላል መምሰሉም ብዙዎችን አዘናግቷል።

ሥርዓቱ ከቴሌፕሪንተር የተወረሰ ነው፤ የፍጥነቱ መለኪያ ባውድም የተሰየመው በፈረንሳዊው የቴሌግራፍ መሐንዲስ በኤሚል ቦዶ ስም ነው። የቀድሞው ዓለም አቀፍ የቴሌፕሪንተር ፊደል በ5 ቢት የሚጻፍ ስለ ነበረ ከ32 በላይ ጥምረት አያወጣም፤ እንግዲህ ኢንጂነር ተረፈ ራስወርቅ ከ200 የሚበልጠውን ፊደላችንን ይዘው የአማርኛን ቴሌፕሪንተር ሲሠሩ ምን ያህል እንደ ተጠበቡ አንባቢ ይገምተው። ዛሬ ፊደላችን በዩኒኮድ ስፍራውን ስላገኘ፣ «ሀ» 225፣ 136፣ 128 በተባሉ ሦስት ባይቶች ተጽፋ በሲሪያሉ ሽቦ ታልፋለች።

የሽቦው ነገር አጭር ነው። የአንዱ መላኪያ ከሌላው መቀበያ ጋር ይገናኛል፣ ግራውንዱም የጋራ ይሆናል። ኤቲሜጋ 328ፒ የተባለውን ማይክሮኮንትሮለር በያዘው አርዱይኖ ኡኖ ላይ መቀበያው 0፣ መላኪያው 1 ቁጥር ነው፤ የዩኤስቢውም መንገድ በእነዚሁ ስለሚያልፍ ፕሮግራም በሚጫንበት ጊዜ ሞደሙን መንቀል ይበጃል። በ3.3 ቮልት የሚሠራን ሞደም በ5 ቮልት መላኪያ መንካት ግን ሊያቃጥለው ይችላል።

ዋናው ምስጢር ሰዓቱ ነው። ሽቦው ቃሉን ይሸከማል እንጂ ጊዜውን አይሸከምም፤ ስለዚህ ሁለቱ ወገኖች፣ አንዱ የሌላውን ከበሮ ሳይሰማ በአንድ ልክ እንደሚያሸበሽቡ ደብተሮች፣ ምቱን እያንዳንዳቸው በልባቸው ይቆጥራሉ። ዝም ያለው መስመር ከፍ ብሎ ይቆያል፤ ዝቅ ሲል መጀመሪያውን ያበሥራል፤ 8 ቢት ተከትሎ በመዝጊያው ይጠናቀቃል። በ9600 ባውድ አንዱ ቢት 104 ማይክሮሰከንድ ያህል ይፈጃል፤ የሁለቱ ሰዓት ልዩነት ከ5 በመቶ ገደማ ካለፈም ስሕተቱ ተጠራቅሞ ተቀባዩ የመጨረሻውን ቢት ይስታል። ኡኖው 9600ን ለማግኘት የ16 ሜጋኸርትዝ ሰዓቱን ሲያካፍል 9615 ስለሚያገኝ አይጎዳም፤ 115200ን በተለመደው አካፋይ ሲሻ ግን 111111 ላይ ይወድቃል፣ ይኸውም 3.5 በመቶ ጉድለት ነው።

ከዚህም የሚከፋው፣ ወጪና ባትሪ ለመቆጠብ ሲባል ምቱን የሚሰጠውን ውጫዊ ክሪስታል ትቶ በኤቲሜጋ 328ፒ ውስጥ ባለው የ8 ሜጋኸርትዝ ሰዓት መታመን ነው፤ ከፋብሪካ ሲወጣ እስከ 10 በመቶ ሊያዘነብል ይችላል፣ በሙቀትና በቮልት ለውጥም ይዋልላል። በከተማ ክፍል ውስጥ በቀን ብርሃን የተፈተነ ሰሌዳ በደጋ ሌሊት ሲቀዘቅዝና ባትሪው ሲደክም ቃሉ ቢደናገር የሚያስደንቅ አይደለም።

ስለዚህ ለኮሶዬ ተካዮች የምንመክረው ውጫዊ ክሪስታልንና 9600 ባውድን ነው። ይህ ፍጥነት በሰከንድ 960 ባይት፣ ማለትም 320 የግዕዝ ፊደል ያሳልፋል፤ ለዝናብ መዝገብ ከበቂ በላይ ነው።