ሣሩ የማን ነው?

ከወልድያ ወደ አላማጣ የተጓዘ ሰው የቆቦን ሜዳ ያውቀዋል። በስተምዕራብ የደጋው ተራራ እንደ ግድግዳ ቆሟል፤ በስተምሥራቅ የዞብል ተራሮች ሜዳውን ከአፋር በረሃ ይለዩታል፤ መሐሉ ወለል ያለ የማሽላ አገር ነው። ይህን ያየ ሁሉ «ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው» የሚለው ተረት ትዝ ይለዋል። የጥንቱ ዘማች ግን እንዲህ ያለ ሜዳ ሲያይ ደስታው ሙሉ አልነበረም። የሚያሳስበው ቀን መጋለቡ ሳይሆን ሌሊቱን ፈረሱን የት እንደሚያሳድር ነበር።

በአገራችን ታሪክ ስለ ጦርነቱ ውሎ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ አዳሩ የተጻፈው ግን ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ዘመቻ ማለት ከውሎው አዳሩ የሚበዛ ነገር ነው። ከተማ የሚለው ቃል ራሱ ቀድሞ የንጉሥ ሰፈር ማለት ነበር። ፊታውራሪ ከፊት የሚሄደው፣ ቀኛዝማችና ግራዝማች በቀኝና በግራ የሚሰፍሩት ናቸው። ባልደራስ ደግሞ የቤተ መንግሥቱን ፈረስና በቅሎ የሚያዝ ሹም ነበር። ማዕረጎቻችን የድንኳን ሰፈር ካርታ ናቸው ማለት ይቻላል።

በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ምጽዋ የደረሰው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስድስት ዓመት ያህል ቆይቶ የአጼ ልብነ ድንግልን ሰፈር ጽፎልናል። የንጉሡ ድንኳን ከፍ ባለ ስፍራ ይተከላል፤ የቤተ ክርስቲያን ድንኳኖች አጠገቡ ይሆናሉ፤ ገበያው ራቅ ብሎ ይቆማል። ሥርዓቱ የታወቀ በመሆኑ ሰፈሩ የትም ቢያርፍ ሰው ሁሉ ቦታውን ያገኘዋል። ይኸው ቄስ ዛሬ ራያ በምንለው አገር ዳርቻ ስለነበሩት ስለ ዶብዓ ሰዎችም ጽፏል፤ መንገደኛው እነርሱን ፈርቶ በብዛት ተሰብስቦ እንደሚያልፍ ይነግረናል። አገሩ ያን ጊዜም መንገደኛን ዝም ብሎ የሚያሳልፍ አልነበረም።

መኳንንቱ መንገዱን የሚሄዱት በበቅሎ ነው። ፈረሱ እየተሳበ ለጦርነቱ ቀን ይቆያል። አጼ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ አጼ ዮሐንስን አባ በዝብዝ፣ አጼ ምኒልክን አባ ዳኘው ያሰኘው ይህ እንስሳ ነው። ሲመሽ በካስማ ታስሮ፣ ጅብ እንዳይደፍረው እሳት እየነደደ፣ ከድንኳኑ አጠገብ ያድራል። ስለዚህ የሰፈሩን ቦታ በእውነቱ የሚመርጠው ፈረሱ ነበር፤ ሣርና ውሃ የሌለበት ቦታ ለንጉሥም ቢሆን ሰፈር አይሆንም።

ቆላው ደግሞ ሌላ ፈተና አለው። ቆቦ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ያህል፣ ከበላዩ ያለው ቆረም 2,500 ሜትር ያህል ነው። በዚህ ልዩነት መካከል የፈረስ ሕይወትና ሞት አለ። የአፍሪካ ፈረስ በሽታ የሚባለውን የሚያስተላልፉት በዓይን በጭንቅ የሚታዩ ተናካሽ ትንኞች ናቸው። ከምሽት እስከ ንጋት ይነክሳሉ፤ ዝናቡ ባለፈ ሰሞን በሞቃትና ርጥብ ስፍራ ይበዛሉ። የታመመ ፈረስ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ አረፋ ከአፍንጫው ይወርዳል፤ አብዛኛው አይተርፍም። በቅሎ ከፈረስ፣ አህያም ከሁለቱ ይበልጥ ይቋቋመዋል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ከመስቀል በኋላ ሣሩ ሲለመልም ትንኙም አለ፤ ትንኙ ሲጠፋ ሣሩ ደርቋል፤ ከደጋው የሚወርዱት ወንዞችም ቀጥነዋል።

በ1860 ዓ.ም. በጄኔራል ሮበርት ናፒየር የተመራው የእንግሊዝ ጦር ይህን ትምህርት በብዙ ዋጋ ተማረው። አሥራ ሦስት ሺህ ያህል ወታደርና 44 ዝሆን ይዞ የመጣው ጦር ገና በዙላ የባሕር ዳር ሜዳ ሳለ ፈረሶቹና በቅሎዎቹ በበሽታና በውሃ ጥም ያልቁበት ጀመር። የዳኑት ወደ ሰንዓፌ ደጋ የወጡት ናቸው። ከዚያ ወዲያ ጦሩ ደጋ ደጋውን ይዞ በአሸንጌ ሐይቅና በወፍላ በኩል መቅደላ ደረሰ። የራያን ሜዳ ከበላዩ ሆኖ አይቶ አለፈው።

ከመንገዱ ምርጫ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ግን ሌላ ነገር ነው። ናፒየር የባላገሩን ሣርና ገብስ በማርያ ቴሬዛ ብር ይገዛ ነበር። የአገሬው ጦር ልማድ ይህ አልነበረም። ወታደር ከሰፈረበት ይበላል፤ ፈረሱም ከሰፈረበት ይግጣል። አጼ ቴዎድሮስ በመጀመሪያ ዘመናቸው ዘረፋን ለማስቀረት ሞክረው ነበር፤ ልማዱ ግን አሸነፋቸው። በመጨረሻም እርሳቸው በባላገር ተጠልተው መቅደላ ላይ ሲቀሩ፣ ባዕድ ጦር በገዛው ሣር ፈረሱን እያበላ ደረሰባቸው።

የራያና የአዘቦ ሕዝብ ለዚህ ልማድ በቀላሉ አልተገዛም። በ1920ና በ1922 ዓ.ም. መካከል ያመጸው፣ በ1935 ዓ.ም. በቀዳማዊ ወያኔ የተነሣው ይኸው አገር ነው። የአመጹ ምክንያት ብዙ ነው፤ ነገር ግን የባለሥልጣንንና የወታደርን ቀንበር የተሸከመ ሰው ቂም በዚያ ውስጥ አለ። በ1928 ዓ.ም. ጣልያን ይህን ቂም አገኘውና ብርና ጠመንጃ ጨመረበት። መጋቢት 22 ቀን ማይጨው ላይ የተዋጋው የንጉሠ ነገሥቱ ጦር ወደ ኋላ ሲመለስ፣ ከታጣቂው የራያና የአዘቦ ሰው ከጎን ተኩስ ዘነበበት።

ከላይ ደግሞ አውሮፕላን ነበር። በአሸንጌ ዙሪያ የረጨው መርዝ ሰውን ብቻ አልገደለም፤ ሣሩ ላይ አረፈ፤ ውሃውም ውስጥ ገባ። አጼ ኃይለ ሥላሴ በዚያው ዓመት ሰኔ ወር ጄኔቭ ላይ ለዓለም መንግሥታት ማኅበር ሲናገሩ ከሰዎቹ ጋር ከብቱን፣ ወንዙን፣ ሐይቁንና ግጦሹን አብረው የጠሩት ያለ ነገር አይደለም። ለብዙ መቶ ዓመታት ሰፈር ሲመረጥ ይፈለጉ የነበሩት ሁለቱ ነገሮች በዚያ ሳምንት የሞት መንገድ ሆኑ። ፈረስ አሳድሮ የሚዘምተው ጦር ዘመኑ ያበቃው እዚያ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ዛሬ ከላስታ ደጋ በበቅሎ ወይም በፈረስ ወርዶ ቆቦ ሜዳ ላይ ድንኳን ልትከል የሚል መንገደኛ ቢኖር፣ የሚጠይቀው ያንኑ የጥንቱን ጥያቄ ነው። ውሃው የት ነው? ትንኙ አልፏል? ሣሩስ የማን ነው? ሁለቱን ለመመለስ አገር የሚያውቅ መሪ ይበቃል። ሦስተኛውን የሚመልሰው ግን ባለ ሣሩ ነው። ጥንት የነበሩት ጌቶች እርሱን ሳይጠይቁ ሰፈሩ፤ ክፉ ቀን በመጣ ጊዜ ግን መልሱን ከተራራው ሥር በጥይት ሰሙት።