ጎንደርን ከማየታችን በፊት
(ከታሪክ ክበብ ተማሪዎች የቀረበ)

«ያላዩት አገር አይናፍቅም» ይላሉ አባቶቻችን። እኛን ግን በዚህ ዓመት ያላየነው አገር ናፍቆናል፤ እርሱም የጎንደር ከተማ ነው። የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በሚከበርበት በዚህ ወቅት የታሪክ ክበብ ተማሪዎች ጎንደርን ለመጎብኘት አስበን፥ አስተማሪዎቻችንም ሐሳባችንን በደስታ ተቀብለው፥ ዝግጅቱን ከጀመርን ጥቂት ወራት አልፈዋል። ይህን ጽሑፍ ለበዓሉ መጽሔት ማቅረባችን ጉዞው ለምን እንደታሰበና ከመሄዳችንም በፊት ምን እንደተማርን ለወላጆቻችንና ለጓደኞቻችን ለመግለጽ ነው።

መንገዱ ረጅም ነው። ከጢቾ ተነሥቶ በአሰላ በኩል የጭላሎን ተራራ እያዩ ወደ አዳማ መውረድ፥ ከዚያም አዲስ አበባ ገብቶ ማደር ያስፈልጋል። በማግሥቱ በጎሐ ጽዮን አድርጎ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ወደሚጠልቀው የዓባይ ሸለቆ ይወረዳል፤ ድልድዩን ተሻግሮ ደጀን ከተወጣ በኋላ ደብረ ማርቆስንና ባሕር ዳርን አልፎ ጎንደር ይገባል። መሄጃው ብቻ ከ900 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ፥ ይህን ያህል ደክመን የምናየው ነገር ምን እንደሆነ አስቀድመን ማወቅ ይገባናል።

ከጎንደር በፊት ለብዙ ዘመን የኢትዮጵያ ነገሥታት መናገሻ በአብዛኛው ድንኳን ነበር። ንጉሡ ሠራዊቱን ይዞ ከአገር ወደ አገር ይዘዋወራል፤ ማገዶው ሲያልቅና ገበሬው የሠራዊቱን ቀለብ መቻል ሲያቅተው ሰፈሩ ተነቅሎ ወደ ሌላ ይሄዳል። አፄ ፋሲለደስ በ1624 ዓ.ም. ሲነግሡ የተረከቡት አገር በሃይማኖት ጠብ የታመሰ ነበር፤ አባታቸው አፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ተቀብለው በማወጃቸው ብዙ ደም ፈስሶ ነበርና። ፋሲለደስ የቀድሞውን እምነት መልሰው፥ የኢየሱሳውያንን ካህናት ከአገር አስወጥተው፥ በ1628 ዓ.ም. ገደማ በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል ከተሙ። ቦታው ወደ ሰናርና ወደ ምጽዋ ለሚሄዱት ነጋዴዎች መገናኛ በመሆኑ ከተማው ቶሎ ሰፋ።

ፋሲለደስ ያሠሩት ግንብ ከጥቁር ድንጋይና ከኖራ የተሠራ ሲሆን በአራቱ ማዕዘን ክብ ማማዎች አሉት። ተከትለዋቸው የነገሡትም ያንኑ አላፈረሱም፤ እያንዳንዱ በአጠገቡ የራሱን ጨመረ። ስለዚህ 900 ሜትር ርዝመት ባለው ቅጥር ውስጥ የአፄ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት፥ የአድያም ሰገድ ኢያሱ ግንብ፥ የአፄ ዳዊት የመዝሙር አዳራሽ፥ የአፄ በካፋና የእቴጌ ምንትዋብ ሕንፃዎች ጎን ለጎን ቆመው ይገኛሉ። እቴጌ ምንትዋብ ባለቤታቸው በካፋ በ1723 ዓ.ም. ከሞቱ በኋላ ከልጃቸው ከዳግማዊ ኢያሱ፥ ቀጥሎም ከልጅ ልጃቸው ከኢዮአስ ጋር ሆነው አገር ያስተዳደሩ ሴት ናቸው። የክበባችን ሴቶች ልጆች በተለይ የእርሳቸውን ታሪክ ለማጥናት ተከፋፍለው ይዘዋል።

ነገር ግን ታሪክ የግንብ ታሪክ ብቻ አይደለም። ግንቡን ማን ጠረበው? ማንስ ኖራውን ተሸከመ? ብለን ስንጠይቅ፥ ከግንበኞቹና ከባለ እጆቹ ብዙዎቹ ቤተ እስራኤል እንደነበሩ፥ ንግዱም በአመዛኙ በሙስሊሞች እጅ እንደነበረ ተማርን። ይህም ሆኖ በአፄ ዮሐንስ ዘመን በ1660 ዓ.ም. ገደማ የተሰበሰበ ጉባኤ እነዚህ ወገኖች ከክርስቲያኑ ተለይተው በየሰፈራቸው እንዲኖሩ ወሰነ። ክርስቲያንና ሙስሊም ተማሪዎች በአንድ ወንበር ተቀምጠን የምንማር እኛ ይህን ስናነብ ዝም ብለን ተያየን። የሚያኮራውን ብቻ መርጦ ማንበብ ታሪክን ማወቅ እንዳልሆነ የተረዳነው በዚያን ቀን ነው።

ሌላም ያስገረመን ነገር አለ። የአፄ ኢዮአስ እናት ውቢት የኦሮሞ ባላባት ልጅ ስለነበሩ፥ በኢዮአስ ዘመን በጎንደር ቤተ መንግሥት ኦሮምኛ ይነገር ነበር። ከመካከላችን ጎንደርን የሩቅ ሰዎች ከተማ አድርጎ ይቆጥር የነበረ ጓደኛችን ይህን ሲሰማ «እንግዲያስ እኔም ዘመድ ልጠይቅ ነው የምሄደው» ብሎ አሳቀን።

በ1761 ዓ.ም. ኢዮአስ በራስ ሚካኤል ስሑል እጅ ከተገደሉ በኋላ ዘመነ መሳፍንት ተጀመረ። ነገሥታቱ በጎንደር ግንብ ውስጥ በስም ብቻ ተቀመጡ፤ ሥልጣኑ ግን የመሳፍንቱ ሆነ። ይህም አፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. እስከነገሡ ድረስ ቆየ። ከተማው ከዚያም በኋላ ብዙ መከራ አይቷል፤ በ1859 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ራሳቸው ዘረፉት፥ በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች አቃጠሉት፥ ኢጣልያኖች በኅዳር 1934 ዓ.ም. በዚያ ድል እስከሆኑ ድረስም ከአየር የተጣለ ቦምብ ግንቦቹን ጎዳ። ከደርቡሽ እሳት የተረፈችው ደብረ ብርሃን ሥላሴ በንብ መንጋ እንደተጠበቀች ይነገራል። ዛሬ የምናያቸው ግንቦች በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት በ1972 ዓ.ም. ነው።

ስለ ጉዞው ስንነጋገር አንድ የቤተሰብ ሽማግሌ «ልጆቼ፥ የጎንደርን ታሪክ ለማወቅ ይህን ያህል አገር ታቋርጣላችሁ፤ የጢቾን ግን ማን ጠየቃችሁ?» አሉን። መልስ አጣን። ጥያቄው እውነት ነበርና። እርግጥ ነው፥ በአካባቢያችን የፋሲል ግንብን የሚመስል ድንጋይ የለም፤ ነገር ግን የአርሲ አባቶቻችን በ1870ዎቹ ከንጉሥ ምኒልክ ጦር ጋር ለዓመታት የተዋጉበት ታሪክ አለ። በ2009 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የገዳ ሥርዓትም በሽማግሌዎች አፍ ይኖራል። ድንጋይ ጠባቂ ቢያጣ እንኳ ለጊዜው ይቆያል፤ ሽማግሌ ግን ሲሞት የሚያውቀውን ይዞ ይሄዳል።

ስለዚህ የጉዞውን ደንብ አሻሻልን። ወደ ጎንደር መሄድ የሚፈልግ ተማሪ ሁሉ አስቀድሞ አንድ የአካባቢውን ሽማግሌ ወይም አሮጊት ጠይቆ፥ የሰማውን በደብተር ጽፎ ማቅረብ አለበት። አንድ አውቶቡስ ሁላችንን ስለማይችል ደብተር ካቀረቡት መካከል ተጓዦቹ በዕጣ ይለያሉ። መዋጮ መክፈል ያልቻለ ተማሪ በዚህ ምክንያት እንዳይቀር፥ ከትምህርት ቤቱ ጓሮ ከምናመርተው ድንችና ጎመን የሚሸጠው ገንዘብ ለእርሱ ይሆናል። የሚሄድም እያንዳንዱ የአንድ ቀሪ ጓደኛውን ጥያቄ ይዞ ሄዶ፥ ሲመለስ በሰልፍ ፊት ቆሞ ይመልሳል። እንዲህ ከሆነ የቀረ ሰው አይኖርም።

ወላጆቻችን ሆይ! ስለ መንገዱ ጸጥታ መሥጋታችሁ ተገቢ መሆኑን እናውቃለን። መንገዱ ሰላም መሆኑ በሚገባ ሳይረጋገጥ አንነሣም ብለን ከአስተማሪዎቻችን ጋር ተስማምተናል። ግንቡ 400 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ቆሞ ጠብቆናል፤ ጥቂት ጊዜ ቢጨምርልን አይታክተውም። እኛም እስከዚያ ድረስ ሥራ አንፈታም፤ ደብተራችንን ይዘን ወደ እናንተ እንመጣለንና፥ የምታውቁትን ሳትሰስቱ ንገሩን።