የማይቈጠረው ክብደት፦ ስለ ሮማንቲክ ዘመን የፒያኖ ኮንቸርቶዎች ደረጃና ስለ ሚኩሊ ምስክርነት

የሮማንቲክ ዘመን የፒያኖ ኮንቸርቶዎችን በክብደታቸው ለማበላለጥ የተነሡ ጸሓፍት ብዙውን ጊዜ የሚጀምሩት ከኖታው ብዛት፣ ከሚፈለገው የእጅ ስፋትና ከጣቶች ሩጫ ነው፤ በዚህም ሚዛን የራህማኒኖፍ 3ኛና የብራምስ 2ኛ ኮንቸርቶ ከሁሉ በላይ ሲቀመጡ፣ የሾፓን ሁለቱ ኮንቸርቶዎች ግን ገና ለሚማር ወጣት የሚመጥኑ ተደርገው ከበታች ይመደባሉ። እኔ ይህን ደረጃ አልቀበለውም፤ ያልተቀበልሁበትንም ምክንያት ከዚህ በታች እዘረዝራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

ደራሲው ራሱ ሲጫወት ቤርሊዮዝ በ1855 በዋይማር ስለ መራው ስለ ሊስት 1ኛ ኮንቸርቶም ሆነ በ1869 በኮፐንሃገን ስለ ተሰማው ስለ ግሪግ ኮንቸርቶ ክርክር የለኝም፤ የተባለው ተብሏል። የቻይኮቭስኪ 1ኛ ኮንቸርቶ ግን ታሪኩ ለነገራችን ይጠቅማል። በ1874 የገና ዋዜማ ደራሲው ሥራውን ለሞስኮ ኮንሰርቫቶሪ አስተዳዳሪ ለኒኮላይ ሩቢንስታይን ቢያሰማው፣ ሩቢንስታይን ድርሰቱ ሊጫወቱት የማይቻል ነው ብሎ እንዳዋረደው ቻይኮቭስኪ በ1878 ለደጋፊው ለናዴዥዳ ፎን ሜክ በጻፈው ደብዳቤ ተርኳል። ይሁን እንጂ በ1875 ሃንስ ፎን ቢውሎ በቦስተን ተጫወተው፤ በዚያው ዓመት በሞስኮ ታኔዬቭ ሲጫወተው ኦርኬስትራውን የመራው ያው ነቃፊው ሩቢንስታይን ነበር፤ በ1878ም እርሱ ራሱ በፒያኖው ፊት ተቀምጦ አሰማው። አይቻልም የተባለው ሥራ በአራት ዓመት ውስጥ ከፈራጁ ከራሱ ጣቶች ሥር ገባ ማለት ነው።

ራህማኒኖፍም ቢሆን በዚሁ ዓይን ሊመረመር ይገባዋል። 3ኛው ኮንቸርቶ በኖቬምበር 28 ቀን 1909 በኒው ዮርክ በዋልተር ዳምሮሽ መሪነት ሲሰማ፣ ደራሲው ወደ አሜሪካ በመርከብ ሲጓዝ ድምፅ በሌለው የቁልፍ ሰሌዳ ሲለማመደው ቈይቶ ነበር። ድርሰቱ የተበረከተለት ዮሴፍ ሆፍማን ግን በአደባባይ አንድ ቀንም አልተጫወተውም፤ እጁ ትንሽ ስለ ነበረ ስታይንዌይ ጠበብ ያሉ ቁልፎች ያሉት ፒያኖ እስኪሠራለት ድረስ የደረሰ ሰው ነበርና፣ ይህ የሥጋ ልክ ጉዳይ እንጂ የጥበብ ጉድለት አይደለም። ከዚህም በላይ ለመጀመሪያው ክፍል ሁለት ካዴንዛዎች ተጽፈው ሳለ ደራሲው በሸክላ ሲቀርጸው የተጫወተው ቀለል ያለውን ነው። እንግዲህ የዚህ ሥራ ክብደት ሊለካ፣ ሊቀነስና ሊለወጥ የሚችል ክብደት ነው። የእጅ ስፋት ያለው፣ ክንዱን ያጠነከረና በትጋት የሠራ ሰው ይደርስበታል፤ ቭላዲሚር ሆሮዊትዝ በ1930 ደርሶበታል፣ ከእርሱም በኋላ ብዙዎች።

ወደ ዋናው ተከራካሪዬ ልምጣ። ሰር ዶናልድ ፍራንሲስ ቶቪ በ1936 ባሳተመው ስለ ኮንቸርቶዎች በሚናገረው የሐተታ መጽሐፉ የሾፓንን የኤፍ ማይነር ኮንቸርቶ መርምሯል። ቶቪ ታላቅ ሊቅ ነው፤ ካርል ክሊንድዎርት የሾፓንን ኦርኬስትራ እንደ ገና በጻፈው ጊዜ ሥራው እንደማያስፈልግ፣ የሾፓንም አጃቢ ትሑትና ትክክለኛ እንደ ሆነ በማስረዳቱ ላመሰግነው ይገባኛል። ስሕተቱ በዚያ መቆሙ ነው። ሙሉ ሚዛኑ በብቸኛው ተጫዋችና በኦርኬስትራው መካከል ስላለው ግንኙነት ስለ ሆነ፣ ኦርኬስትራው ዝም ብሎ በሚያጅብበት ስፍራ ለሊቁ የሚመረመር ነገር የቀረ አይመስልም። ከእርሱ በኋላ የመጡትም አጃቢው ቀላል ከሆነ ተጫዋቹም ቀሎታል ብለው ደመደሙ። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው፤ ኦርኬስትራው ባነሰ ቍጥር የተጫዋቹ መደበቂያ እያነሰ ይሄዳል፣ አንዲት ቁልፍ ከጎረቤቷ በጥቂት ብትጐላ ሙሉ አዳራሽ ይሰማታል።

በዚህ ክርክር ውስጥ ተረስቶ የቀረው ምስክር የሾፓን ደቀ መዝሙር የነበረው፣ በትውልዱም ከአርመን ወገን የሆነው ካርል ሚኩሊ ነው። ሚኩሊ የመምህሩን ድርሰቶች ባሳተመ ጊዜ በመቅድሙ እንደ መሰከረው፣ ሜትሮኖም ከሾፓን ፒያኖ ላይ አይጠፋም ነበር፤ ዜማውን የሚያዜመው እጅ ሲዘገይም ሲቸኩልም አጃቢው እጅ ምቱን ያለ ማወላወል ይጠብቅ ነበር። ካሚይ ሳን ሳንስም የሾፓን ወዳጅ ከነበረችው ከፖሊን ቪያርዶ የሰማውን ሲያስተላልፍ ይህንኑ አጽንቷል። የሾፓንን አኗኗር የሚጽፉ ሊቃውንት ይህን ቃል ያውቁታል፤ የኮንቸርቶዎችን ክብደት የሚያነጻጽሩት ግን በሚዛናቸው ላይ ሲያኖሩት አላየሁም።

አሁን በማርች 1830 በዋርሶ ወደ ተሰማው የኤፍ ማይነር ኮንቸርቶ 2ኛ ክፍል፣ ወደ ላርጌቶው እንግባ። ቀኝ እጅ የሚያዜማቸው ጌጦች ለምት በማይካፈል ቍጥር ተጽፈዋል፤ ግራው እጅ በእኩል እርምጃ ሲሄድ፣ የቀኙ ጌጥ በመካከሉ ሲንሳፈፍ ቈይቶ በቀጣዩ ምት ላይ ያለ ድንጋጤ ማረፍ አለበት። በመካከሉ ደግሞ የኦርኬስትራው ክሮች ሲንቀጠቀጡ ሁለቱ እጆች በኦክታቭ ተራርቀው አንድ ዜማ እንደ ንባብ ይናገራሉ፤ በዚህ ስፍራ ምቱን በግልጽ የሚቈጥርለት ስለሌለ ተጫዋቹ ጊዜውን የሚያመጣው ከገዛ ልቡ ነው። ወረቀቱ ይህን ሊያስተምር አይችልም። በዜማ ቤት ያደገ ሰው ነገሩን ወዲያው ይረዳዋል፤ ይዘት፣ ደፋት፣ ጭረትና ርክርክ በድጓው ላይ ተጽፈው ሳሉ ርክርኩ ስንት ጊዜ እንደሚናወጥና የት እንደሚያርፍ ከመምህሩ ጉሮሮ ካልተቀበለ በቀር ማንም አያገኘውም፣ ቤተ ልሔም ሄዶ ድጓ የሚያስመሰክረውም ብዙ ዓመት የሚቀመጠው ለዚሁ ነው። የእኛ መምህራን ደቀ መዝሙሩን በፍጥነቱ አያደንቁትም፤ ቁም ዜማ ያለ ከበሮና ያለ መቋሚያ ስለሚቆም የድምፁን ጉድለት ሁሉ እንደሚገልጥ ያውቃሉና።

ነገሩን የመሣሪያው ጠባይ ያጠነክረዋል፤ ይህም በድሬዳዋ ላለ ሰው ከመጽሐፍ የተገኘ ወሬ አይደለም። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ላይ ናት፤ ደረቁ ሙቀቷ እንጨትን ያኮማትራል። ክሮቹን የወጠሩት ካስማዎች ይላላሉ፣ የድምፅ ሰሌዳውም ይሰነጠቃል፤ ከደረቁ ወራት በኋላ እርጥበት ሲመጣ ደግሞ ቁልፎቹ አብጠው ይይዛሉ። በእንዲህ ያለ ፒያኖ ላይ የራህማኒኖፍ ታላላቅ ኮርዶች አያሳፍሩም፤ ጉልበት የቁልፎቹን አለመመጣጠን ይሸፍነዋልና። ላርጌቶው ግን የመጀመሪያዎቹ መስመሮች ሳይጨረሱ ይፈርሳል፣ በለስላሳ የተነካች ቁልፍ ወይ ትጠፋለች ወይ ከልክ አልፋ ትጮኻለች። የሾፓን ዘመን ፒያኖ ከዛሬው ይልቅ ቀላልና ጥልቀቱ ያነሰ ቁልፍ እንደ ነበረው ለሚያስታውስ፣ በዘመናዊ መሣሪያ ይህን ማዜም ስንት እጥፍ እንደሚከብድ ግልጽ ነው።

ከእኛው አገር ምስክር ቢፈለግ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ አሉ። በ1923 የተወለዱት የከንቲባ ገብሩ ልጅ፣ በካይሮ ከፖላንዳዊው ቫዮሊኒስት ከአሌክሳንደር ኮንቶሮዊች ተምረው፣ በኋላም መንኵሰው በኢየሩሳሌም እስከ 2023 የኖሩት፣ የኮንቸርቶ ተጫዋች ሆነው አልታወቁም። ነገር ግን በ2006 በ«ኢትዮጲክስ» ተከታታይ 21ኛ ሆኖ የታተመውን አልበማቸውን ያዳመጠ፣ ግራው እጅ ሲራመድ የቀኙ ዜማ ወደ ኋላ ቀርቶ እንደ ገና ሲደርስበት ይሰማል። ሚኩሊ የመሰከረው ይኸው ነው። ኖታው ሲታይ ቀላል ነው፤ ሊመስሏቸው የሞከሩ የተማሩ ፒያኒስቶች ግን ምቱን አጥብቀው ሲይዙ ዜማው ይደርቅባቸዋል፣ ሲለቁትም ይፈስስባቸዋል።

ክብደት ለእያንዳንዱ ሰው ስለሚለያይ ማነጻጸር ከንቱ ነው የሚሉ አሉ፤ እንዲህ ከሆነ እነርሱ የራህማኒኖፍን ደረጃ ለምን እንደሚቀበሉ ይንገሩን። ተማሪዎች የሾፓንን ኮንቸርቶ በልጅነታቸው ይጫወቱታል የሚለው ደግሞ ምንም አያስረዳም፤ ልጆች መዝሙረ ዳዊትንም ይደግማሉ። ፍርዴ የማይነቀነቅ ነው ለማለት አልደፍርም፤ ሆኖም በ1927 የተመሠረተው የዋርሶ የሾፓን ውድድር በመጨረሻው ፈተና ተጫዋቾቹን ከእነዚሁ ሁለት ኮንቸርቶዎች አንዱን ያስጫውታቸዋል። አብዛኛዎቹ የኢ ማይነሩን ይመርጣሉ፤ በ1980 ዳንግ ታይ ሶን የኤፍ ማይነሩን መርጦ አሸነፈ። በመርሐ ትምህርታችንም ላርጌቶው ጣቶቹ ሁሉን ከቻሉ በኋላ ለተማሪው የሚሰጥ ሥራ ሊሆን ይገባዋል፤ በመጀመሪያው ዓመት ሳይሆን በመጨረሻው።