ተመካክረው ያልመጡ ምስክሮች

በበርክሌይ፣ ካሊፎርኒያ፣ ካልሲየም በምድጃ ይተናል። አተሞቹ ብርሃን ሲያርፍባቸው የተቀበሉትን ጉልበት በሁለት ፎቶኖች ይመልሱታል፤ አንዱ አረንጓዴ፣ ሌላው ሐምራዊ። በግራና በቀኝ አሥር አሥር ስስ የመስታወት ሉሆች ያዘመሙባቸው ማጣሪያዎች ይጠብቋቸዋል። ጆን ክላውዘርና የዶክትሬት ተማሪ የነበረው ስቱዋርት ፍሪድማን ማጣሪያዎቹን እያዞሩ ወደ 200 ሰዓት ያህል ጥንዶችን ቆጠሩ።

ሁለት ምስክሮች ለየብቻ ተጠይቀው ቃላቸው አንድ ሲሆን ዳኛ የሚጠረጥረው አስቀድመው መመካከራቸውን ነው። አንስታይንም በ1935 (እ.ኤ.አ.) ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ሲሞግት የተራራቁ ቅንጣቶች መልሳቸውን ይዘው ነው የተነሡት ወደሚል አደላ። ጆን ቤል በ1964 ነገሩን በሒሳብ አጠበበው፦ አንዱ ጋ የሚደረገው ሌላውን ካልነካ፣ ምክክር ብቻውን የሚያስገኘው መግጠም ወሰን አለው።

ክላውዘር ኳንተም ሜካኒክስ ይሸነፋል ብሎ ተስፋ ያደርግ ነበር። በ1972 የወጣው ውጤት ግን ኳንተም ሜካኒክስ እንደሚተነብየው ወሰኑ መታለፉን አሳየ። የጠበቀውን ያፈረሰበትን ቁጥር ሳያሽሞነሙን ማውጣቱን ከሁሉ በላይ አከብርለታለሁ። በ1982 በፈረንሳይ ኦርሴ አላን አስፔ የመለኪያውን አቅጣጫ ፎቶኖቹ ገና በመንገድ ላይ ሳሉ እየቀያየረ ያንኑ አረጋገጠ።

እንዲህ ያለው መግጠም መጠላለፍ ይባላል፤ በእርሱ ለሚሠራ የኳንተም ኮምፒውተር ግን ጥንድ ብቻውን አይበቃም። ፎቶን የያዘውን መረጃ በቀላሉ ስለማይጥል ለኪዩቢትነት፣ ማለትም ለኳንተም መረጃ አሃድነት፣ የተመቸ ነው፤ ነገር ግን ሁለት ፎቶኖች ቢገናኙም ሳይነካኩ ይተላለፋሉ። የማይነካካ ነገር በምን ይጠላለፋል? በ2001 ክኒል፣ ላፍላምና ሚልበርን መላ አገኙ፦ ብርሃን ከፋይ መስታወት፣ ረዳት ፎቶኖችና ጠቋሚ መሣሪያ። ሙከራው ብዙ ጊዜ ይከሽፋል፤ ሲሳካ ግን ጠቋሚው ያሳውቃል። በዚያው ዓመት ራውሰንዶርፍና ብሪገል የተጠላለፉ ኪዩቢቶችን መረብ አስቀድሞ መሥራት፣ ከዚያ ኪዩቢቶቹን አንድ በአንድ እየለኩ ማስላት እንደሚቻል አሳዩ። የቪየናው የአንቶን ዛይሊንገር ቡድን በ2005 ያንን በአራት ፎቶኖች ሠራው። የሌዘር ምት በክሪስታል ያልፋል፣ ከመስታወት ተመልሶ ዳግም ያልፋል፤ አልፎ አልፎ አራቱ አብረው ይወለዳሉ።

በ2022 ክላውዘር፣ አስፔና ዛይሊንገር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ሽልማቱ ለሞተ ሰው አይሰጥም፤ ፍሪድማን ያረፈው በ2012 ነበር። የበርክሌዩ ቆጠራ የዶክትሬት ጽሑፉ ነው።