የሚንሸራተተውና የሚቆለፈው፦ የቶርክ ኮንቨርተር ፍሪሲዮን ታሪክና የብልሽቱ ምርመራ



የማሽን ታሪክ ሲጻፍ የሚወሳው በአብዛኛው ፈልሳፊው ነው፤ የብልሽትን ታሪክ የሚጽፍ ጥቂት ነው። ዛሬ በአውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ ስላለው የቶርክ ኮንቨርተር መቆለፊያ ፍሪሲዮን ስናገር ግን ትኩረቴ በብልሽቱ ላይ ይሆናል። የዚህ ክፍል ሕመም የሌላ ክፍል ሕመም መስሎ ይታያል፤ በዚህም ሳቢያ ብዙ ጤነኛ ዕቃ ተፈትቶ ተጥሏል። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከመርከብ ነው። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሄርማን ፎቲንገር በስቴቲን ከተማ በቩልካን የመርከብ ግንባታ ድርጅት ሲሠራ፣ በ1905 መሣሪያውን በፈጠራ መብት አስመዘገበ። የእንፋሎት ተርባይን እጅግ ፈጥኖ ይሽከረከራል፤ የመርከብ ፕሮፔለር ግን በዝግታ መዞር አለበት። ፎቲንገር ሁለቱን በጥርስ ሳይሆን በፈሳሽ አገናኛቸው። አንዱ ባለ ክንፍ መዘውር ፈሳሹን ይወረውራል፤ ሌላው ይቀበላል፤ በመካከል ያለው ክፍል የፈሳሹን አቅጣጫ መልሶ የማዞር ኃይሉን ያበዛል።

ይህ መሣሪያ ወደ መኪና ሲገባ መንሸራተቱን ይዞ ገባ። መኪናዋ ቆማ ሞተሩ ሳይጠፋ የሚሠራው ሁለቱ መዘውሮች በመንሸራተታቸው ነው። በረጅም መንገድ ላይ ግን ይኸው መንሸራተት ነዳጅን ወደ ሙቀት ይለውጣል። በ1948 የወጣው የቢዩክ ዳይናፍሎው በልስላሴው የተወደደውን ያህል በአባካኝነቱ ተወቅሷል። በ1949 ፓካርድ በአልትራማቲክ ካምቢዮው መፍትሔ አመጣ፦ መኪናዋ ፍጥነት ስታገኝ ፍሪሲዮን ሁለቱን መዘውሮች አጣብቆ እንደ አንድ ያዞራቸዋል። በእኔ ግምት የዘመኑ ብልህ ሥራ ነበር። ይሁንና አልትራማቲክ በ1956 አበቃ፤ ነዳጅ ርካሽ በነበረበት አገርም መቆለፊያው ከሞላ ጎደል ተረሳ።

ከዚያ የ1973ቱ የነዳጅ ማዕቀብ መጣ። የአሜሪካ ኮንግረስ በ1975 ባወጣው ሕግ መሠረት፣ ከ1978 ሞዴሎች ጀምሮ አምራቾች በአንድ ጋሎን የሚኬደው ርቀት አማካይ ተወሰነባቸው። ክራይስለር በዚያው የሞዴል ዓመት ቶርክፍላይትን ከመቆለፊያ ጋር አቀረበ፤ ጄነራል ሞተርስም ተከተለ። ፍሪሲዮኑን የመለሰው ሕግ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ብልሽቱም አብሮ መጣ። በ1980ዎቹ መቆለፊያውን የሚያዘው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሶሌኖይድ ነበር። ሶሌኖይዱ ተጣብቆ ሲቀር ፍሪሲዮኑ አይለቅም፤ ከረጅም ጉዞ በኋላ መኪናዋ ልትቆም ስትል፣ ፍሪሲዮን ሳይረገጥ እንደቆመ የማንዋል መኪና ሞተሩ ይጠፋል። መካኒኩ ካርቡራተሩን ይፈታል። ጥፋቱን ለመለየት ግን የሶሌኖይዱን ገመድ ነቅሎ መንዳት ይበቃ ነበር፦ ሞተሩ መጥፋቱን ከተወ ተጠያቂው መቆለፊያው ነው። ካልተወ ግን ሞተሩ ጥፋተኛ ነው ለማለት ገና ነው፤ ዘይቱን የሚመራው ቫልቭም ሊጣበቅ ይችላል።

ከሁሉ የሚያሳስተው መንቀጥቀጡ ነው። ፍሪሲዮኑ ያዝ ለቀቅ ሲያደርግ መኪናዋ በሸካራ መንገድ ላይ እንዳለች ትርገበገባለች፤ አሽከርካሪውም ካንዴላ ያስለውጣል። የተለመደው ፈተና እግርን ከነዳጅ ሳያነሱ ፍሬኑን በስሱ መንካት ነው። የፍሬኑ ስዊች መቆለፊያውን ያስለቅቃል፤ የሞተሩ ዙር ጥቂት ከፍ ብሎ መንቀጥቀጡ ከጠፋ ጥርጣሬው ወደ ኮንቨርተሩ ይዞራል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ደካማ ካንዴላም ጎልቶ የሚሰማው መቆለፊያው ሲይዝ ነው፤ ያን ጊዜ ሞተሩ ጭነት አለበት፣ ድንጋጤውን የሚያለዝብ ፈሳሽም የለም። ሲለቀቅ እሱም ይደበቃል። ስለዚህ ካምቢዮ ከመውረዱ በፊት የእሳቱ ሥርዓት ለብቻው መመርመር አለበት።

ከ1996 ሞዴሎች ጀምሮ በአሜሪካ የሚሸጡ መኪኖች የብልሽት ኮድ እንዲመዘግቡ ተደረገ። ኮድ ፒ0741 ትእዛዝ ተሰጥቶ ሳለ መዘውሮቹ መንሸራተታቸውን ይናገራል፤ ሶሌኖይዱ ይሁን፣ ያረጀ የቫልቭ ማደሪያ ይሁን፣ የተበላ ፍሪሲዮን ይሁን አይናገርም። በዚያው አሥር ዓመት ደግሞ ጥቂት መንሸራተት ሆን ተብሎ የሚፈቀድላቸው ፍሪሲዮኖች ተስፋፉ። እነዚህ በዘይቱ ዓይነት ይኖራሉ፤ ያልተፈቀደ ዘይት ብቻውን መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። በእነዚህ መኪኖች ምርመራው የሚጀምረው ካምቢዮው ውስጥ ያለው ዘይት ምን ዓይነት እንደሆነና መቼ እንደተቀየረ ባለቤቱን በመጠየቅ ነው።