ልጆቻቸውን ያስመለሱ እናቶች

በትምህርት ቤት የተማርነው ታሪክ አብዛኛው የነገሥታትና የመሳፍንት ታሪክ ነው። ማን እንደነገሠ፣ የት እንደተዋጋ፣ በማን እጅ እንደሞተ እናውቃለን። ከጦርነቱ በኋላ የፈረሰውን ቤት ማን እንደሰበሰበ፣ የተማረከውን ልጅ ማን እንዳስመለሰ ግን ብዙም አንጠይቅም። መልሱ በመጽሐፍ ውስጥ ቢገኝም በአንድ መስመር ያልፋል። እኔ ዛሬ በዚያች አንድ መስመር ላይ መቆየት እፈልጋለሁ። ነገሩ የሆነው በ16ኛው መቶ ዘመን ነው። ዓመታቱን ሁሉ የጻፍኩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ታሪኩ የሁለት ቤተሰቦች ነው። የመጀመሪያው የዐፄ ልብነ ድንግል ቤት ነው። ልብነ ድንግል በ1508 ሲነግሡ ገና የ12 ዓመት ገደማ ልጅ ስለነበሩ መንግሥቱን ትመራ የነበረችው ንግሥት እሌኒ ናት። እሌኒ የሐድያ ገዢ ልጅ ነበረች፤ በአባቷ በኩል ከእስላም ቤት የመጣች፣ በንጉሥ ቤት ያረጀች ብልህ ሴት ናት። ልብነ ድንግል አድገው ያገቧት ሰብለ ወንጌል ወንዶችና ሴቶች ልጆች ወለደችላቸው። ከወንዶቹ መካከል ፊቅጦር፣ ያዕቆብ፣ ገላውዴዎስና ሚናስ ይገኛሉ።

ሁለተኛው የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ቤት ነው፤ ብዙዎቻችን ግራኝ አሕመድ በሚለው ስም እናውቃቸዋለን። ሚስታቸው ባቲ ድል ወንበራ የዘይላው ገዢ የማሕፉዝ ልጅ ናት። ማሕፉዝ በ1517 ከልብነ ድንግል ጦር ጋር ሲዋጉ ተገደሉ። ስለዚህ ድል ወንበራ ወደ ጦርነቱ የገባችው የአባቷን ሞት ይዛ ነው። ባሏ ሲዘምቱ እቤት አልቀረችም። ወታደሮቹ ሴት በዘመቻ መሄዷን ቢቃወሙም አብራ ሄደች። አንዱን ልጇን መሐመድን በ1531፣ ሌላውን አሕመድን በ1533 የወለደችው እዚያው በዘመቻ ላይ ነው። እርጉዝ ሆና በተራራ መንገድ ላይ በሰው ሸክም መጓዝ ምን እንደሚመስል፣ ከገጠር ቀበሌ በቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያ የተወሰደች እህታችን ከታሪክ ጸሐፊው በተሻለ ትነግረናለች።

በ1529 ሽምብራ ኩሬ ላይ የልብነ ድንግል ጦር ተሸነፈ። ከዚያ በኋላ ንጉሡ ከአምባ ወደ አምባ የሚሸሹ ሆኑ። ፊቅጦር ተገደለ፤ በ1539 ደግሞ ሚናስ ተማረከ። በ1540 ልብነ ድንግል ራሳቸው በደብረ ዳሞ ሞቱ። ሰብለ ወንጌል ባሏንና የበኩር ልጇን አጥታ፣ ሌላው ልጇ በጠላት እጅ ሆኖ፣ የቀሩትን ይዛ በአምባ ላይ ተቀመጠች።

በ1541 በክሪስቶፎ ዳ ጋማ የሚመሩ 400 ያህል ፖርቱጋሎች በምጽዋ በኩል ሲደርሱ ንግሥቲቱ ከአምባው ወርዳ ተቀላቀለቻቸው። የመጣችው እንደ እንግዳ ልትጠበቅ አልነበረም። ከዘማቾቹ አንዱ የጻፈው ማስታወሻ እንደሚለው፣ ከውጊያ በኋላ ከደንገጡሮቿ ጋር ሆና ቁስለኞችን ታክም ነበር፤ ማሰሪያ ጨርቅ ሲያልቅ የራሳቸውን መሸፈኛ ቀድደው ቁስል ያስሩ ነበር።

በ1542 ኢማም አሕመድ ዘቢድ ከተባለው የየመን ከተማ ከነበረው የቱርክ ፓሻ ብዙ ጠብመንጃ ያዦች አስመጡ። ለዚህ እርዳታ ከላኩት ስጦታ ውስጥ አንዱ ምርኮኛው ሚናስ ነበር። የንጉሥ ልጅ እንደ ወርቅና እንደ ሐር ተቆጥሮ ባሕር ተሻገረ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ወፍላ ላይ ፖርቱጋሎቹ ተሸነፉ፤ መሪያቸውም ተይዘው ተገደሉ። ሰብለ ወንጌል ከተረፉት ጋር ወደ ተራራ ወጣች፤ ልጇ ዐፄ ገላውዴዎስ በጥቂት ሰው መጥቶ እዚያ ተገናኙ። በየካቲት 1543 ወይና ደጋ ላይ ኢማም አሕመድ ተገደሉ። ድል ወንበራ ከተረፉት ፈረሰኞች ጋር ስታመልጥ ልጇ መሐመድ ተማረከ። ልጁ ያኔ የ12 ዓመት ገደማ ነበር።

እስቲ እዚህ ላይ ቆም ብለን ሁለቱን ሴቶች እንያቸው። ሁለቱም ባሎቻቸው ሞተውባቸዋል። የአንዷ ልጅ በሌላዋ ወገን እጅ ነው። ሁለቱም ለመበቀል በቂ ምክንያት አላቸው፤ ሁለቱም ለመበቀል የሚገፋፋ ሠራዊት ከጎናቸው አላቸው። በዚያ ዘመን የተማረከ የመኳንንት ልጅ ሊገደል፣ ሊሰለብ፣ ሊሸጥ ይችላል።

ሴቶቹ ግን ድርድር መረጡ። ድል ወንበራ በብዙ ድካም ሐረር ከደረሰች በኋላ ልጇን ለማስመለስ ተነሣች። ሰብለ ወንጌልም በወገኗ በኩል ልውውጡ እንዲሳካ ንጉሡን ልጇን አግባባች። ድርድሩ ወራት ፈጀ። ሚናስ ያለው ባሕር ማዶ ስለነበር ቱርኮቹም መስማማት ነበረባቸው። በመጨረሻ መሐመድ ወደ እናቱ፣ ሚናስም ወደ እናቱ ተመለሱ። አገር ለ14 ዓመታት በእሳት ከነደደ በኋላ፣ ሁለት ጠላት ቤቶች የተማመኑበት ጉዳይ የልጅ ጉዳይ ነበር።

ይህ የኛ አገር ብቻ ታሪክ አይደለም። በዚያው ዘመን እንግሊዝን የቱዶር ነገሥታት ይገዟት ነበር። ከመኳንንቱ ሁሉ የበረቱት የኖርተምበርላንዱ መስፍን ጆን ደድሊ ነበሩ። አባታቸው በ1510 በንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ትእዛዝ አንገታቸውን ተቀልተዋል። ጆን ግን በአገልግሎት ወደ ላይ ወጥተው፣ በልጁ ንጉሥ ኤድዋርድ ዘመን አገሪቱን የሚመሩ ሆኑ። ንጉሡ በ1553 ሲሞት ልጃቸውን ጊልፎርድን ያገባችውን ወጣቷን ጄን ግሬይን ንግሥት ለማድረግ ሞከሩ፤ ሙከራው በቀናት ውስጥ ከሸፈ። ሜሪ ቱዶር ነገሠች፤ ጆን ተገደሉ፤ አምስቱ ወንዶች ልጆቻቸው ታሰሩ።

የልጆቹን ነፍስ ለማዳን የተሯሯጡት እናታቸው ጄን ደድሊ ናቸው። 13 ልጆች የወለዱ ሴት ነበሩ። ንግሥቲቱ ዘንድ ለመቅረብ ሲሄዱ ከመንገድ ተመለሱ። ተስፋ አልቆረጡም፤ የቤተ መንግሥት ሰዎችን፣ በኋላም ከንግሥቲቱ ባል ጋር ከስፔን የመጡትን መኳንንትና ወይዛዝርት ደጅ ጠኑ። ጊልፎርድ በየካቲት 1554 ከሚስቱ ጋር ተገደለ። የቀሩት ግን በዚያው ዓመት ተፈቱ። እናታቸው በጥር 1555 ሞቱ። በኑዛዜያቸው ለስፔናዊቷ የአልባ መስፍን ሚስት አረንጓዴ በቀቀናቸውን አወረሱ። ሀብታቸው ተወርሶ፣ ደጅ ጥናት አድክሟቸው፣ ውለታ ላደረገላቸው ሰው የነበራቸውን ሰጡ። ከተፈቱት ልጆች ሁለቱ፣ አምብሮስና ሮበርት፣ በንግሥት ኤልሳቤጥ ዘመን ታላላቅ መኳንንት ሆኑ። የአባታቸው ሥልጣን ሊያጠፋው የነበረውን ቤት ያተረፈው የእናታቸው ደጅ ጥናት ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ልውውጡ ጠቡን ሁሉ አጠፋው ብዬ አላሳምራችሁም። ድል ወንበራ የኢማሙን የእህት ልጅ ኑር ኢብን ሙጃሂድን አገባች፤ ሲነገር እንደኖረው የጋብቻው ቃል የባሏን ደም እንዲመልስላት ነበር። ኑር የሐረርን ግንብ ያሠራ ሰው ነው። በ1559 ዐፄ ገላውዴዎስ ከኑር ጦር ጋር ሲዋጉ ተገደሉ። ሰብለ ወንጌል ሌላ ልጅ ቀበረች። ያን ጊዜ ዙፋኑን የወረሰው ያ የተመለሰው ልጅ፣ ሚናስ ነው። ሚናስ በ1563 ሲሞቱ አሮጊቷ ንግሥት የልጅ ልጃቸውን ሠርፀ ድንግልን ከጦር አለቆች ጋር ሆነው አነገሡ፤ በ1567 አረፉ። ሚናስ ባሕር ማዶ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ የዘር ሐረግ በሌላ መንገድ ይሄድ ነበር።

ሠርፀ ድንግል ወደኛ አቅጣጫም መጥተዋል። በ1588 የእናርያ ገዢ ክርስትና ሲነሣ እሳቸው ነበሩ። ከእናርያ ወዲህ ጎጀብን ሲሻገሩ የከፋ መንግሥት፣ ከዚያም አልፎ የሸኮ፣ የቤንችና የሸካ ደን ነበር። እነዚያ የሰሜንና የምሥራቅ ጦርነቶች ከዚህ አገር ጋር የሚያገናኛቸው አንድ የሚያሳዝን ነገር አለ፤ እሱም የምርኮኛ ንግድ ነው።

ሚናስና መሐመድ የተመለሱት የታላላቅ ሰዎች ልጆች ስለነበሩ፣ እናቶቻቸውም የሚደራደሩበት ነገር በእጃቸው ስለነበር ነው። በዚያው ዘመን ስንት የገበሬ ልጅ ተማርኮ በቀይ ባሕር በኩል ተሸጠ። ከእነዚያ አንዱ በ1548 ገደማ የተወለደው፣ በኋላ ማሊክ አምባር የተባለው ሰው ነው። ከእጅ ወደ እጅ ተሸጦ ሕንድ ደረሰ፤ እዚያም የጦር መሪና የአሕመድናጋር መንግሥት ገዢ ሆኖ በ1626 ሞተ። ዓለም ስሙን ያውቃል፤ እናቱ ግን የምትለውጥበት የንጉሥ ልጅ አልነበራትም።

ይህ ለኛ ሩቅ ወሬ አይደለም። በ1897 የከፋው ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ከወራት ውጊያ በኋላ ተማረኩ፤ በ1919 በግዞት ላይ እንዳሉ አዲስ አበባ ሞቱ። ንጉሡ ስማቸውና የሞቱበት ዓመት ተጽፎላቸዋል። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ከከፋ፣ ከሸኮ፣ ከቤንች፣ ከማጂ የተነዱትና የተሸጡት ሴቶችና ልጆች ግን በስም አልተጻፉም። ባርነትን የሚያጠፋው የመጨረሻ አዋጅ የወጣው በ1942 ነው። ይህ የአያቶቻችን ዘመን ነው። አንዳንዶቻችን ቤት ውስጥ ዛሬም በዝግታ የሚወራ ጉዳይ ነው።

ታዲያ ይህን ታሪክ በማኅበራችን መጽሔት ላይ ለምን አመጣሁት? አንደኛ፣ የግራኝ ዘመን ሲነሣ እስላሙና ክርስቲያኑ ጎራ ለይቶ እንደገና እንዲቆስል ተደርጎ ይተረካል። እኛ ግን በአንድ የቁጠባ መዝገብ የምንፈርም እስላምና ክርስቲያን ሴቶች ነን። ሰብለ ወንጌልንና ድል ወንበራን ጎን ለጎን አድርገን ካነበብን፣ ልጆቻችን ከዚያ ዘመን የሚወርሱት ቂም ብቻ አይሆንም።

ሁለተኛ፣ መደራደር የሚችል ሰው በእጁ አንድ ነገር ያለው ሰው ነው። ሁለቱ እናቶች ምርኮኛ ነበራቸው፤ ጄን ደድሊ ወዳጅ ነበራቸው። እኛ ያለን ቁጠባችንና አንድነታችን ነው። ልጅ ታምሞ ብድር ሲያስፈልግ፣ ሴት ልጅ ያለ ዕድሜዋ ልትዳር ስትል ሽማግሌ ፊት አብሮ መቆም ሲያስፈልግ፣ ብቻዋን የሆነች እናትና ከኋላዋ ማኅበር ያላት እናት እኩል አይሰሙም። የሚደግፉን ወዳጆቻችንም ድጋፋቸው የሚውለው እዚህ ላይ መሆኑን እንዲያውቁልን እፈልጋለሁ።

ሦስተኛው የቤት ሥራ ነው። ዘር የምንቆጥረው በአባት ነው፤ እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥሩ አሉ። በእናት በኩል ግን ከአያታችን በላይ ስም የምንጠራ ስንቶቻችን ነን? በሚቀጥለው ስብሰባ እያንዳንዳችን የእናታችንን፣ የእናቷን፣ የሷንም እናት ስም ከየት መንደር እንደመጡ ጭምር ጠይቀን እንምጣ። ማንበብና መጻፍ የምትችል ላልቻለችው ትጻፍላት። አረጋውያን እናቶቻችን በሕይወት ሳሉ ካልጠየቅናቸው፣ ስማቸውን ከማንም ለውጠን አናስመልሰውም።