የጆንያው መንገድና የውሂቡ መንገድ

የመረጃ ሥርዓትን በሥዕል የማሳየት ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መገባደጃ በነቶም ደማርኮና በነኤድዋርድ ዮርደን ሥራዎች ሲስፋፋ፣ አራት ምልክቶችን ብቻ የያዘ ነበር፤ እነዚህም የውጭ አካል፣ ክንውን፣ የውሂብ ማከማቻና የውሂብ ፍሰት ናቸው። ወደ አማርኛ ሲመለስ በተለይ የሚያሳስተው የመጨረሻው ነው፤ «ፍሰት» ሲባል አንባቢ የዕቃውን ጉዞ ያስባልና። ሥዕሉ የሚከተለው ግን ዕቃውን ሳይሆን ስለ ዕቃው የተነገረውን ነው። የዚህን ልዩነት ክብደት የጌዴኦ ቡና ታሪክ ያስረዳናል።

የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ በ2001 ዓ.ም. ቡናን ማገበያየት ሲይዝ፣ ዲላ ከመረከቢያ ማዕከሎቹ አንዷ ሆነች። ከይርጋ ጨፌ፣ ከወናጎና ከኮቸሬ የመጣው ቡና እዚያ ይመዘን፣ ናሙናው ይቀመስ፣ ደረጃም ይሰጠው ነበር። አቅራቢው የመጋዘን ደረሰኝ ይቀበላል፤ ቡናው ግን ከዚያ በኋላ የሚታወቀው በዓይነቱና በደረጃው ብቻ ነበር። ጆንያው ጉዞውን ሲቀጥል፣ ቡናው የታጠበበት ጣቢያ ስም በመጋዘኑ በር ቀረ። በአንጻሩ የይርጋ ጨፌ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን በቀጥታ ወደ ውጭ መላክ ስለተፈቀደለት፣ ስሙ ከቡናው ጋር ይጓዝ ነበር። የውጭ ገዢ ለታወቀ ምንጭ ተጨማሪ ዋጋ ስለሚከፍል፣ የጠፋው ስም ገንዘብ ነበር። ምንጭን የመከታተል መንገድ የተከፈተው በ2009 ዓ.ም. በተጀመረው የቡና ግብይት ማሻሻያ ነው።

«የቡና ፍሰት» ብሎ የሚስል ሰው በዚህ ታሪክ ውስጥ ጉድለት አያይም፤ ጆንያው አዲስ አበባ ደርሷልና። «የውሂብ ፍሰት» ብሎ የሚስል ግን ቀስቱ ዲላ ላይ መቋረጡን ወዲያው ይገነዘባል።

ስለሆነም ቃላቱን ለይቶ መያዝ ያሻል። «ውሂብ» የተገኘው «ሰጠ» ከሚለው ከግእዙ «ወሀበ» ሲሆን፣ «የተሰጠ» ከሚለው ከላቲኑ «ዳቱም» ጋር በፍች ይቀራረባል። በሰዋስው ጥብቅነት «ውሁብ» የበለጠ በተስማማ ነበር፤ ይሁን እንጂ የለመደው «ውሂብ» ስለሆነ መለወጡን አንሻም። «የውሂብ ጎታ» የሚለው ስያሜ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከጎታ እህል ሲወጣ ይጎድላል፤ ውሂብ ሲነበብ አይጎድልም። በመሆኑም በሥዕሉ ላይ ላለው ማከማቻ «መዝገብ» የሚለውን ቃል እናቀርባለን። መዝገብ ስንት ጊዜ ቢነበብ አይጎድልም፤ በቡና አገርም ከመጋዘን ጋር አይምታታም።